ካዝና የሌለው ባንክ፦ የእቁብ መዋጮ በምን ይወሰናል?

ከዩኒቨርሲቲያችን በር አጠገብ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች ማታ ዕቃቸውን ከመሰብሰባቸው በፊት የሚፈጽሙት አንድ ሥርዓት አለ። ከመካከላቸው አንዱ ደብተር ይዞ ይቆማል፤ ሌሎቹ የዕለቱን ድርሻ እየቆጠሩ ያስረክባሉ፤ በየስማቸው ትይዩ ምልክት ይደረጋል፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ እዚያው ለባለተራው ይሰጣል። ነገሩ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ገንዘቡ ካዝና ውስጥ አላደረም፤ ወለድም አልታሰበበትም፤ ማኅተም ያረፈበት ውልም የለም። ይሁን እንጂ ከልጆቹ አንዱ የማታ ትምህርቱን የሚከፍለው በዚህ መንገድ ከሚያገኘው ገንዘብ እንደሆነ አጫውቶናል።

ውድ አንባብያን፣ የፊዚክስ መምህር ስለ እቁብ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ የሚለውን ሕግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እቁብም እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ሥርዓት ነው፤ አንዱ የሚያተርፈው ሌላው ከሚከፍለው ጋር እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይተካከላል። ይህን ልብ ካልን፣ የሒሳብ ችሎታችን ከሁለተኛ ደረጃ ባያልፍም እንኳ፣ ብዙ ሰው በልምድ ብቻ የሚያውቀውን ነገር በቁጥር ልናየው እንችላለን።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ሰዎች ለእቁብ የሚያዋጡት ገንዘብ መጠን በምን ይወሰናል የሚል ነው። «በገቢያቸው ነዋ!» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ደመወዛቸው እኩል የሆነ ሁለት ባልደረቦቻችን፣ አንዱ በወር 500 ብር፣ ሌላው 5,000 ብር ሲጥሉ አይተናል። አቢ ከድር እና ጋማል ኢብራሂም የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ከተማ እቁቦቻችን ባሳተሙት ጥናት ርእስ ላይ ያስቀመጡት ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል፤ የሚበልጠው የአባላቱ ጠባይ ነው ወይስ የማኅበሩ?

እቁብ የእኛ ብቻ አይደለም። ጋናውያን ሱሱ፣ ሜክሲኳውያን ታንዳ፣ ግብፃውያን ጋምዒያ፣ ኢንዶኔዥያውያን አሪሳን፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች ቶንቲን ይሉታል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ እነዚህ ማኅበራት ሲጽፍ፣ ከገበሬ ኑሮ ወደ ነጋዴ ኑሮ በሚወስደው መሰላል ላይ እንደ መካከለኛ እርከን ቆጥሯቸው ነበር። ባንክ ሲስፋፋ ቦታቸውን ይለቃሉ ብሎም አስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመታት በላይ አልፈዋል፤ ባንክ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች እንኳ እርስ በርሳቸው እቁብ ሲጥሉ እናያለን። ጊርትዝ ትልቅ ምሁር ነበር፤ በዚህ ነጥብ ግን እቁብተኞቹ የበለጡት ይመስለናል።

የመጠበቂያው ጊዜ

አንዲት ልብስ ሰፊ 20,000 ብር የሚያወጣ የስፌት መኪና ያስፈልጋታል እንበል። በወር መቆጠብ የምትችለው 1,000 ብር ነው። ብቻዋን ብትቆጥብ መኪናውን የምትገዛው በ20ኛው ወር ነው። እንደ እርሷ ያሉ 20 ሰዎች እቁብ ቢገቡ ግን አንዱ በመጀመሪያው ወር፣ ሌላው በሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ የመጨረሻው በ20ኛው ወር ይደርሰዋል። አማካዩ የመጠበቂያ ጊዜ 10 ወር ተኩል ነው። የመጨረሻው ሰው እንኳ ብቻውን ቢቆጥብ ኖሮ ከሚጠብቀው በላይ አልጠበቀም። ሌሎቹ 19ኙ ሁሉ ቀድመዋል። ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቲቨን ኮት እና ግሌን ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ የእቁብን ጥቅም ያስረዱት በመሠረቱ በዚህ ሐሳብ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ዘወትር የሚጠይቁንን ነገር እናንሣ። ዕጣው በየወሩ ሲወጣና ቅደም ተከተሉ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ ሲወጣ ዕድላችን ይለያያል ወይ? አይለያይም። በመጀመሪያው ወር የመውጣት ዕድላችን ከ20 አንድ ነው። በሁለተኛው ወር እንዲወጣልን በመጀመሪያው አለመውጣት አለብን፤ ይህም 19/20 ነው። ቀጥሎ ከቀሩት 19 ሰዎች መካከል መውጣት አለብን፤ ይህም 1/19 ነው። ሁለቱ ሲባዙ መልሱ አሁንም 1/20 ይሆናል። ለሦስተኛውም፣ ለአሥረኛውም፣ ለመጨረሻውም ወር እንዲሁ ነው። ልዩነቱ በሰው ልብ ውስጥ ነው። በየወሩ ዕጣ ሲወጣ ያልደረሰው ሁሉ «የሚቀጥለው የእኔ ነው» እያለ ይጥላል። ተራው አስቀድሞ ሲታወቅ ግን ዕቅድ ለማውጣት ቢመችም፣ 20ኛ ቁጥር የደረሰው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊቱ ይጠቁራል።

ታዲያ ልብስ ሰፊዋ 1,000 ብር እየጣለች 20 ሰዎችን ከምታሰባስብ 2,000 ብር እየጣለች 10 ሰዎችን ብታሰባስብስ? የሚደርሳት ያው 20,000 ብር ነው። ወይም ደግሞ 40 ሆነው 500 ብር ብቻ ቢጥሉስ? ለኪስ የሚቀለው የመጨረሻው ነው። ኪስ ሁልጊዜ አባላት እንዲበዙና መዋጮው እንዲያንስ ይፈልጋል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ በሙሉ አንድ እቁብ በሆነች ነበር።

መተማመን ሲመዘን

የሚከለክለውን ነገር ለማየት የ20ውን ሰው እቁብ እንደገና እንመልከት። በመጀመሪያው ወር አንድ ሰው 20,000 ብር ወሰደ፤ የጣለው 1,000 ብቻ ስለሆነ 19,000 ብር ዕዳ አለበት። ሌሎቹ 19 ሰዎች እያንዳንዳቸው የ1,000 ብር አበዳሪ ሆነዋል። 19,000 ዕዳ፣ 19,000 ብድር፤ ድምሩ ዜሮ። በአምስተኛው ወር አምስት ሰዎች እቁቡን በልተዋል፤ የእያንዳንዳቸው ዕዳ 15,000 ነው፤ በጠቅላላው 75,000 ብር ይሆናል። ያልበሉት 15 ሰዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 5,000 ብር ጥለዋል፤ ይህም 75,000 ነው። ድምሩ ዘወትር ዜሮ መሆኑን አንባቢ በማንኛውም ወር ሊያረጋግጠው ይችላል።

የሚያስደንቀው ግን ዜሮው ሳይሆን በሁለቱ ወገን ያለው መጠን ነው። የበሉትን ሰዎች ቁጥር ባልበሉት ቁጥር፣ ውጤቱን ደግሞ በመዋጮው እናባዛ፤ በዚያ ወር በእቁቡ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ዕዳ እናገኛለን። በመጀመሪያው ወር 1 በ19 በ1,000፣ ማለትም 19,000 ብር ነው። በአሥረኛው ወር 10 በ10 በ1,000፣ ማለትም 100,000 ብር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በ20ኛው ወር ዜሮ ይሆናል። በወረቀት ላይ ብንስለው ወደ ላይ ተወርውሮ እንደሚመለስ ድንጋይ ጉዞ ያለ ቅስት ይወጣዋል። ብዙ ሰው እቁብ የሚያሰጋው በመጀመሪያው ወር ነው ብሎ ያምናል። ሒሳቡ ግን ከፍተኛው ሸክም እኩሌታው ላይ እንደሚገኝ ያሳያል። በዚያን ቀን 100,000 ብር ያለ ካዝናና ያለ መያዣ በቃል ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ያን ከፍተኛ ሸክም በአንድ መስመር ለመጻፍ የሚደርሰውን ገንዘብ በአባላት ቁጥር አባዝተን ለአራት እናካፍላለን። 20,000 ብር ለሚደርስበት እቁብ በ10 ሰው 50,000፣ በ20 ሰው 100,000፣ በ40 ሰው 200,000 ብር ይሆናል። የሚደርሰን ገንዘብ ሳይለወጥ አባላት በእጥፍ ሲጨምሩ በመተማመን ላይ የሚያርፈው ሸክምም በእጥፍ ይጨምራል። መተማመን አባላት እንዲያንሱ፣ እያንዳንዱም ብዙ እንዲጥል ይጎትታል፤ ኪስ ደግሞ በተቃራኒው። የመዋጮው መጠን ሁለቱ ጉተታዎች ከሚመጣጠኑበት ቦታ ላይ ያርፋል ብለን እናምናለን። ደመወዛቸው እኩል የሆኑት ሁለቱ ባልደረቦቻችን ለምን የተለያየ መጠን እንደሚጥሉም በከፊል ይገባናል። አምስት ሺሁን የሚጥለው ከአብሮ አደጎቹ ጋር ነው፤ አምስት መቶውን የሚጥለው ሰው ግን ወደ ከተማው ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም።

ይህን ቀመር የምናውቀው ሰዎች አንድ ጊዜ ሳንጠቀምበት ቀርተን ተጎድተናል። በትምህርት ክፍላችን 10 ሰዎች በወር 1,000 ብር የምንጥልበት እቁብ ነበረን። ዳኛችን በላቦራቶሪ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ አዛውንት ናቸው። አንድ ዓመት «እናስፋው» ተባለና ከሌሎች ክፍሎች ሰው ጨምረን 20 ሆንን፤ መዋጮውንም 2,000 አደረግነው። ሐሳቡን በብርቱ ከደገፉት መካከል እኛም ነበርንበት። የቀድሞው እቁብ ከፍተኛ ሸክም 25,000 ብር ነበር፤ የአዲሱ 200,000 ሆነ። ሰዉ እጥፍ ሆነ፣ መዋጮውም እጥፍ ሆነ፤ ሸክሙ ግን ስምንት እጥፍ አደገ። ጥቁር ሰሌዳ ከኋላችን ተሰቅሎ ይህን ያላሰላን መሆናችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

በአራተኛው ወር እቁቡን የበላ አንድ አባል ከዘጠነኛው ወር በኋላ ሥራ ለቀቀና ከከተማው ወጣ። ዕዳው 22,000 ብር ነበር። ዋስ አላስጠራነውም፤ «የተማረ ሰው ነው» ብለን አልፈናል። ዳኛችን ለሁለት ወር የእርሱን 2,000 ብር ከደመወዛቸው ሸፈኑ። ተዉ ብንላቸው፣ «አደራውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ» አሉ። በሦስተኛው ወር ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ዘግይቶባት ከክፍል መመለሷን ከሌላ ሰው ሰማን። ከዚያ ተሰብስበን ጉድለቱን በሁላችን ላይ አከፋፈልነው፤ የእርሳቸውንም መለስንላቸው። የልጅቱ ቀናት ግን አልተመለሱም።

የቀደሙት ሰዎች ያለ ቀመር ያቆሙት ሥርዓት ለምን እንደሚሠራ የገባን ያኔ ነው። ዋስ ማስጠራት፣ ያልታወቀ ሰውን ወደ መጨረሻ ተራ መግፋት፣ ሁለት ሰዎች ለአንድ ዕጣ እኩል እንዲያዋጡ ግማሽ ዕጣ መፍቀድ፣ እነዚህ ሁሉ በኪስና በመተማመን መካከል ያለውን ጉተታ ማርገቢያዎች ናቸው። የተቸገረ ሰው ሲኖር ዕጣ የወጣለት ተራውን መልቀቁ፣ ወይም በጥቂት ብር መሸጡም አለ። ይህ የተራ ዋጋ ለአንድ ሰው ጊዜ ምን ያህል እንደሚያወጣ የምንለካበት መሣሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«እቁብ አለብኝ»

እስካሁን ያየነው ሰው የተመቸውን የሚያሰላ ሰው ነው። እውነተኛው ሰው ግን ገንዘብ ኪሱ ሲያድር ያጠፋል፤ ዘመድም ይጠይቀዋል። ወደ ጫማ ጠራጊዎቹ እንመለስ። በቀን 50 ብር የሚጥል ልጅ በወር 1,500 ብር ይጥላል። ይህንኑ ልጅ «በወሩ መጨረሻ 1,500 ብር አምጣ» ብትሉት አያመጣም። ገንዘቡ የሚመጣለት በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ለ30 ቀን ለመጠበቅ 30 ጊዜ ከራሱ ጋር መታገል ይኖርበታል። የቀን እቁብ ይህን ትግል ያስቀርለታል፤ ገንዘቡ ከእጁ የሚወጣው ሳይላመደው ነው። በደመወዝ ቀን ለሚጥል መምህር ደግሞ የወር እቁብ ይስማማዋል። መዋጮው ከገቢው መጠን ይልቅ ገቢው ከሚመጣበት ምት ጋር ሲገጥም ሰው ብዙ ይጥላል።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪ ስንማር የአገራችን ልጆች እቁብ ውስጥ ገብተን ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ከምናገኘው አበል አንድ ሦስተኛውን እንጥል ነበር። ባንክ በየመንገዱ በሞላበት ከተማ ለምን እቁብ ትጥላላችሁ ብሎ አብሮን የሚያጠና የዚያ አገር ተማሪ ሲጠይቀን፣ «ከባንክ ሳወጣ ማንም አያየኝም» ብሎ የመለሰለት ወዳጃችን ነበር። ከዚህ የተሻለ መልስ በኋላ በመጻሕፍትም አላገኘንም።

የእርሱን መልስ የሚደግፉ ሙከራዎች ግን ብዙ ናቸው። በፊሊፒንስ ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላን እና ዌስሊ ዪን ለአንድ ባንክ ደንበኞች፣ ራሳቸው የወሰኑት ቀን ወይም መጠን ሳይደርስ ገንዘባቸውን ማውጣት የማይችሉበት ሒሳብ እንዲከፈትላቸው አቀረቡ። ተጨማሪ ወለድ አልነበረውም። ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት በፈቃዳቸው እጃቸውን ለማሰር ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2006 እንደታተመው ውጤት፣ ዕድሉ የቀረበላቸው ሰዎች አማካይ ቁጠባ በ12 ወራት ውስጥ ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸር በ81 መቶኛ ነጥብ በልጦ ተገኘ። በቺሊ ፌሊፔ ካስት፣ ስቴፋን ማየር እና ዲና ፖመራንዝ ባደረጉት ሙከራ ደግሞ፣ ዕቅዳቸውን በእኩዮቻቸው ፊት የሚያስታውቁ ቆጣቢዎች ገንዘብ የሚያስገቡበት ጊዜ 3.5 እጥፍ ሆነ። ከፍ ያለ ወለድ የተሰጣቸው ግን አብዛኞቹ ምንም አልተለወጡም። ወለድ ካልገፋቸው ሰዎች ይልቅ የሰው ዓይን የገፋቸው ብዙ እርምጃ ሄደዋል።

ሌላው ኃይል ቤተ ዘመድ ነው። በእጁ ገንዘብ ያለ ሰው የወንድሙን ልጅ ሕመም ሰምቶ ዝም ሊል አይችልም፤ የጎረቤትን ብድር እምቢ ቢልም ስሙ ይከፋል። «የለኝም» ማለት ውሸት ይሆንበታል። «እቁብ አለብኝ» ቢል ግን ማንም አይቀየመውም። ዕዳ ነዋ! ፓስካሊን ዱፓስ እና ጆናታን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በኬንያ ቁልፍ ያለው ተራ ሳጥን መስጠት ብቻ ሰዎች ለጤና የሚያስቀምጡትን ገንዘብ በ66 በመቶ ከፍ አድርጓል። ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተለየ ገንዘብ ማስቀመጥ በተለይ የጠቀመው ዘመድና ወዳጅ ዘወትር የሚጠይቃቸውን ሰዎች ነበር። ሲዋን አንደርሰን እና ዣን ማሪ ባላን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በናይሮቢ የድሆች መንደር ስላሉ እቁቦች ሲጽፉ፣ አባላቱ በብዛት ሴቶች፣ በተለይም ባል ያላቸውና የራሳቸው ገቢ ያላቸው ሴቶች መሆናቸውን አመለከቱ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ ገንዘቡን ባል ለዕለት ፍጆታ እንዳይጠይቀው ማሸሻው እቁብ ነው። እናቶቻችን ከመቀነታቸው ጫፍ የሚቋጥሩት ብር ሁልጊዜ ተቋጥሮ እንደማይዘልቅ ያውቁ ስለነበር የሴቶች እቁብ ውስጥ መግባታቸው ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ዋጋ ሲንር

በመጨረሻ የዋጋ ንረትን ሳናነሣ አንለፍ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2022 ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እኛ ለምሳሌ ያህል ዋጋ በየወሩ 2 በመቶ ይጨምራል ብለን እናስላ። በ20ኛው ወር የሚደርሰው 20,000 ብር በመጀመሪያው ወር 13,700 ብር ያህል ይገዛ የነበረውን ዕቃ ብቻ ይገዛል። እያንዳንዱ አባል በ20 ወር የሚጥለው ገንዘብ በዚያው በመጀመሪያው ወር ዋጋ ሲመነዘር 16,700 ብር ያህል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው 3,300 ያህል ያተርፋል፤ የመጨረሻው 3,000 ያህል ይከስራል። ሒሳቡን በየወሩ ብንከተለው እስከ አሥረኛው ወር የደረሳቸው አትራፊዎች፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ከሳሪዎች ሆነው ይገኛሉ።

ነገር ግን የሁሉም ትርፍና ኪሳራ ሲደመር አሁንም ዜሮ ነው። የእቁብ ገንዘብ በተሰበሰበበት ቀን ይታደላልና ንረቱ የሚበላው የተቀመጠ ብር አያገኝም። ዓመቱን በሙሉ በሣጥን ወይም በ7 በመቶ ወለድ የተቀመጠ ብር በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለቤቱን ያከስረዋል። እቁብ ግን እንደ ማኅበር አይከስርም፤ ኪሳራውን ከመጀመሪያዎቹ ወደ መጨረሻዎቹ ያዛውረዋል። የመጨረሻው ሰውም ቢሆን የከሰረው በሣጥን ቢያስቀምጥ ይከስር የነበረውን ያህል ብቻ ነው። ዙሩ በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ስለሚሰፋ፣ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ከረጅም ዙርና ትንሽ መዋጮ ይልቅ አጭር ዙርና ከፍ ያለ መዋጮ ይመረጣል። ንረት በዚህ ረገድ ከመተማመን ጎን ተሰልፎ ኪስን ይጎትታል ማለት ነው።

የትምህርት ክፍላችን እቁብ በዚህ ዙር 12 አባላት አሉት። መዋጮው 3,000 ብር፣ የሚደርሰው 36,000 ነው፤ ከተበላሸው እቁብ በ4,000 ብር ብቻ ያንሳል። በእኩሌታው ላይ የሚኖረው ሸክም ግን ከ200,000 ወደ 108,000 ወርዷል። ለሁለት ረዳት መምህራን ስለከበዳቸው አንዱን ዕጣ በጋራ ይዘውታል። ዋስ ያልጠራ የለም፤ እኛም ጠርተናል። አሁን አብዛኛው ሰው የሚከፍለው በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ነው። ዳኛችን ግን የስልኩን መልእክት በመነጽራቸው አንብበው ካላረጋገጡና በደብተራቸው ላይ በቀይ ብዕር ምልክት ካላደረጉ ተከፍሏል አይሉም።